ሥራም ኑሮም ሳይበደል ልብ ወለድ ለመጻፍ

ትራንስጀንደር ሴት ነኝ፤ ማለትም ስወለድ ወንድ የተባልኩ ሴት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። የምተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው፤ ልብ ወለዱን የምጽፈው በአማርኛ ነው።

«ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» አትበዪ። ጊዜ አይገኝም። ይልቅ በየቀኑ ከማይቀርልሽ ነገር ጋር አያይዢው። እኔ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ክኒኔን፣ ሐኪሜ እንዳዘዘችው፣ ምላሴ ሥር አደርጋለሁ። እስኪሟሟ ድረስ ማውራት አይመችም፤ ስልክም አላነሳም። ያኔ ትናንት ያቆምኩበትን አንቀጽ አንብቤ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ሬድ ላይን ባቡር ውስጥ ደግሞ ምልልሶችን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።

ስታቆሚ ትዕይንቱን አትጨርሺው። ለምሳሌ ታሪኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ እዚያው ላይ ተዪው። ነገ ከየት ልጀምር ብለሽ አትቸገሪም።

በአንድ ወር 50,000 ቃል የሚጽፉ አሉ፤ በቀን 1,667 ገደማ መሆኑ ነው። ለፈረቃ ሠራተኛ ይከብዳል፣ አትወዳደሪ።

አንቺም ትራንስ ሆነሽ ለቤተሰብ ገና ካልነገርሽ በብዕር ስም ጻፊ፤ ረቂቁንም በይለፍ ቃል ቆልፊው። ደግሞ ገጸ ባሕሪሽ የግድ ትራንስ መሆን የለባትም። የእኔዋ መርካቶ በርበሬ የምትነግድ የስድሳ ዓመት ሴትዮ ናት፤ ነፍሴ ናት!

ምዕራፍ ሲያልቅ ለምታምኛት ጓደኛ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። የሚጎረብጥ ምልልስ ወዲያው ጆሮሽን ይቆረቁረዋል።