ኮከብ አጠገብ የታየች ነጥብ ሁሉ ፕላኔት አይደለችም

በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ ደግሞ አቦል ተባሉ። ስሙን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ግን የአቦልን ፎቶ ብትፈልጉ አታገኙም። ያማረ ምስል ካገኛችሁም ሠዓሊ የሳለው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ፕላኔት ተገኘች ማለት ታየች ማለት አይደለም። አቦል የታወቀችው በስበቷ ኮከቧን ወዲህ ወዲያ ስለምታወዛውዘው ነው። ሌሎች ኮከቦችን ሲዞሩ እስካሁን ከታወቁት ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች ውስጥ በቀጥታ ምስላቸው የተነሳው ከመቶው ሁለቱ እንኳ አይሞሉም። ነገሩ ከባድ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ፀሐይ ከመሬት 10 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ትደምቃለች። መስቀል አደባባይ ደመራው ሲነድ፣ ሥሩ የበራችን አንዲት ጧፍ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ለመለየት እንደመሞከር ነው። እሱም ይቀላል።

ሁለተኛው ስህተት መሬትን የመሰለች ፕላኔት በፎቶ መጠበቅ ነው። አሁን ባለን መሣሪያ በደንብ የሚታዩት ከኮከባቸው የራቁ፣ ግዙፍና ገና ልጅ የሆኑ ፕላኔቶች ናቸው። ከተፈጠሩ ብዙ ስላልቆዩ ሙቀታቸው አልወጣም፤ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይናችን በማያየው የሙቀት ብርሃን፣ ያበራሉ። ኤችአር 8799 የሚባለው ኮከብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2008 ሦስት፣ በ2010 ደግሞ አራተኛ ፕላኔት ታየበት። አራቱም ከጁፒተር ብዙ እጥፍ ይከብዳሉ።

ከሁሉም የከፋው ግን መቸኮል ነው። ከኋላ፣ እጅግ ሩቅ ያለ ኮከብ በአጋጣሚ እዚያው አቅጣጫ ላይ ሲውል ቁርጥ ፕላኔት ይመስላል። በ2016 ኤችዲ 131399 የሚባል የሦስት ኮከቦች ቤተሰብ ውስጥ ፕላኔት ታየች ተባለ። ባለ ሦስት ፀሐይ ዓለም! ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ብርሃኗንና እንቅስቃሴዋን ሲመረምሩ ከኋላ ያለ ተራ ኮከብ ሆና ተገኘች። መለያው ጊዜ ነው። ኮከቦች ሰማይ ላይ ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። እውነተኛ ፕላኔት ከኮከቧ ጋር አብራ ትሄዳለች፤ የኋላው ኮከብ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ለማየት አንድ ሁለት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው።

አብራ መሄዷም ብቻውን አይበቃም። 25 የብርሃን ዓመት ርቆ በሚገኘው ፎማልሃውት በሚባል ኮከብ አጠገብ ሃብል ቴሌስኮፕ ያያት ነጥብ በ2008 ፕላኔት ተባለች። ሆኖም በኢንፍራሬድ ስትፈለግ አልተገኘችም። ከዚያ እየደበዘዘች፣ እየሰፋች ሄደች፤ በ2014 ጭራሽ ጠፋች። በ2020 የወጣ ጥናት ሁለት በረዷማ አካላት ተጋጭተው የበተኑት አቧራ ሳይሆን አይቀርም አለ። ፕላኔት ባትሆንም፣ እንዲህ ያለ ግጭት ማየት ራሱ ብርቅ ነው።

ሌላው ወጥመድ ከመሣሪያው ይመጣል። የቴሌስኮፑ መስታወት ጥቃቅን እንከንና የአየር መናወጥ የኮከቡን ብርሃን ይበትኑና የውሸት ነጠብጣብ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሰማዩ በካሜራው ላይ እንዲዞር ተደርጎ ተከታታይ ምስል ይነሳል። የመሣሪያው ነጠብጣብ ባለበት ይቀራል፤ ፕላኔቷ ከሰማዩ ጋር ትዞራለች።

የሚነገረውን ክብደትም ወዲያው አትመኑ። ፎቶ ብርሃንን እንጂ ክብደትን አያሳይም። ፕላኔት ከጊዜ ጋር እየቀዘቀዘች ስለምትደበዝዝ፣ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ በኮከቡ ዕድሜ ላይ የቆመ ነው። ዕድሜው ከተሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

እኔ የምወዳት ቤታ ፒክቶሪስ የሚባለውን ኮከብ የምትዞረውን ፕላኔት፣ ቤታ ፒክቶሪስ ቢን ነው። በ2003 ቺሊ ባለው የአውሮፓውያን ግዙፍ ቴሌስኮፕ በተነሳ ምስል ላይ ከኮከቡ በአንድ ወገን ደብዛዛ ነጥብ ነበረች። ተመራማሪዎቹ ለመደምደም አልቸኮሉም። ቆይተው ሲያዩ የለችም። በ2009 መጨረሻ ግን በሌላኛው ወገን ብቅ አለች። ለካ ኮከቧን እየዞረች ነበር።