ከመገጭ ወንዝ ውኃ ቀድተን ዓሣ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

መረብ ሳይጥሉ ወንዝ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ዓሣ ሲዋኝ ከቆዳው፣ ከሚያዝለገልገው ሽፋኑና ከዓይነ ምድሩ ዲኤንኤ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ውኃውን ቀድቶ ማጣራት፣ ከዚያም ማጣሪያው ላይ የቀረውን ማንበብ ነው። ኢ-ዲኤንኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ የአሜሪካው ግዙፍ እንቁራሪት በየትኞቹ ኩሬዎች እንዳለ በዚህ መንገድ ከታወቀ ወዲህ ብዙ አገር ተዳርሷል።

ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ሥራ ለሚጀምር ወጣት የምለው አለኝ። ብዙው ሥራ የሚበላሸው ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ወንዙ ዳር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከከተማው በታች ብቻ መቅዳት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ቆሮሶ ይታጠባል፣ እጣቢው በቦይ ይወርዳል። እናንተ ታች ሆናችሁ ትቀዱና «ቆሮሶ እዚህ ይኖራል» ትላላችሁ። የኖረው ግን ድስት ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ ወንዝ ዲኤንኤን ኪሎ ሜትሮችን ያሻግራል። ስለዚህ ከከተማው በላይም በታችም ቅዱ፤ አንድ ቦታ ላይም አንዴ ብቻ ቀድታችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛው የንጽሕና ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ምንም ብል አይበዛብኝም። ትናንት ጎርጎራ ዓሣ የነካ ቦት ጫማ ዛሬ መገጭ ውስጥ ከገባ የጣናን ዓሣ ይዞ ነው የሚገባው። ባልዲውም ገመዱም እንደዚያው። መፍትሔው ከሱቅ የሚገዛው በረኪና ነው። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ዕቃውን አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት። የቀረ በረኪና የምትፈልጉትን ዲኤንኤ ራሱን ያጠፋዋል። ጓንት በየቦታው ይቀየር። ደግሞም ከቤት ንጹሕ ውኃ ይዛችሁ ሂዱና ወንዙ ዳር ልክ እንደ ናሙናው አጣሩት። በዚህ ባዶ ናሙና ውስጥ የዓሣ ዲኤንኤ ከተገኘ ጥፋቱ የወንዙ አይደለም፣ የእናንተ ነው። በግልጽ ጻፉት።

ክረምትን መዝለልም አለ። ውኃው ይደፈርሳል፣ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ ሰው ይሰለችና «በበጋ እንመለሳለን» ይላል። ነገር ግን የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላል ሊጥል ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዞች የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ዋናው ወቅት አመለጣችሁ ማለት ነው። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ማጣሪያ ያዙ፣ ሲደፈን በሌላ ተኩ፣ ስንት ሊትር እንዳለፈም መዝግቡ። ድፍርስ ውኃ ፒሲአርንም፣ ማለትም ላብራቶሪ ውስጥ ዲኤንኤን የማባዛቱን ሥራ ያግዳል፤ የወጣውን ዲኤንኤ አቅጥኖ መሞከር ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ውኃውን በጀሪካን ሞልቶ የደንቢያን ፀሐይ እያሞቀው ጎንደር ድረስ ማምጣትም አይሆንም። ሙቀት ዲኤንኤን ቶሎ ይበትነዋል። እዚያው አጣሩ፣ ማጣሪያውን አልኮል ውስጥ ክተቱ። ፍሪጅ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ መብራት ይጠፋል።

ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ ፈቃጁም የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ውኃው ከተቀዳ በኋላ መሯሯጥ ሥራውን ያቆመዋል።

የመጨረሻው ስህተት ከውጤቱ በላይ መናገር ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። በዘር የተለያዩት በቅርብ ጊዜ ስለሆነ የተለመደው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ አንዱን ከሌላው አይለይም። ኮምፒውተሩ የዝርያ ስም ቢሰጣችሁም አትመኑት፤ «ከነጭ ዓሣዎች አንዱ» ብላችሁ ጻፉ። «አልተገኘም» ማለትም «የለም» ማለት አይደለም። ዓሣው ስንት እንደሆነ፣ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር ውኃው አይነግራችሁም።

የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ግን የዓሣውን አፍና ጭንቅላት አይቶ ይለያል። ስለዚህ ጀልባው ሲመለስ እዚያ ተገኙ። ሰላምታ ስጡ፣ አስፈቅዱ፣ የያዘውን ፎቶ አንሡ፣ ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ አኑሩ። እሱ የሚጠራበትን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።