በሄምሎክ ደን ውስጥ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ተራሮች የሚወጣው ሐበሻ እየበዛ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። ዕፅዋቱን መለየት የጀመራችሁ ግን እነዚህን ተጠንቀቁ።

ሽቅብ ብቻ አይቶ መፍረድ። ይሄኛው ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። አንድ ረጅም ዛፍ ይታያል፣ ወዲያው የደኑ ዓይነት ይነገራል። እባካችሁ ጎንበስ በሉ! ለምሳሌ ቱሊፕ ፖፕላር የሚባለው ረጅም ዛፍ እርጥብና ለም ሸለቆ ይወዳል። ገበሬ ጥሎት በሄደ ማሳ ላይም ቶሎ የሚበቅለው እሱ ነው። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በ1935 እ.ኤ.አ. ከመመሥረቱ በፊት ደግሞ እዚህ ተራራ ላይ ሰው ያርስ፣ ከብት ያሰማራ ነበር። ስለዚህ ዛፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አጠገቡ ባስዉድና ስኳር ሜፕል የሚባሉት ዛፎች፣ መሬቱ ላይ ትሪሊየም የሚባለው አበባ ካለ፣ አፈሩም ጥቁርና ጥልቅ ከሆነ፣ የለም ሸለቆ ደን ውስጥ ናችሁ። ዛፎቹ እኩያ ከሆኑና መሃላቸው የድንጋይ ካብ ካለ ግን የቆማችሁት የድሮ እርሻ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አብሮን የወጣ ልጅ «ሰው ያልነካው ደን» ብሎ ፎቶ ሲያነሳ፣ የተደገፈው የከብት አጥር ነበር።

የሞተውን አለመቁጠር። ወንዝ ዳር የወደቁትን ግራጫ ግንዶች አትለፏቸው። ብዙዎቹ ሄምሎክ የሚባለው መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ናቸው። ከእስያ የመጣ፣ ነጭ ሱፍ የመሰለ ነገር የሚለብስ ጥቃቅን ተባይ ያከማቹትን ምግብ መጦ ነው የገደላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ የታየው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በኋላ ሸናንዶዋም ደርሶ አብዛኞቹን ጨረሰ። ሄምሎክ ክረምት ከበጋ ጥላውን ስለማይነሳ የወንዙን ውኃ ያቀዘቅዝ ነበር። እሱ ሲወድቅ ብርሃን ገባ፣ በርች የሚባለው ዛፍ ተተካ። ግንዱን ካልቆጠራችሁ በርቹ ለምን እንደበዛ አይገባችሁም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

መርፌ ቅጠል ያለውን ሁሉ ጥድ ማለት። ቅጠሉን ገልብጡት። የሄምሎክ አጭርና ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሩ ሁለት ነጭ መስመር አለው። ፍሬው 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

በሐምሌ ብቻ መሄድ። ብዙዎቹ የመሬት አበቦች ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ፣ በሚያዝያ አብበው ይከስማሉ።

የዱር ሽንኩርትን በጠረኑ ብቻ መለየት። ሽታው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የምትነኩት መርዛማው ፎልስ ሄሌቦር ቢሆን እንኳ ሽንኩርት ይሸታችኋል። የእሱ ቅጠል እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጣጠፈ ነው፤ የሽንኩርቱ ለስላሳ ነው።