«ካም ባክ» ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአዋቂዎች የማታ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በደብተር ላይ ደጋግሜ ቀይ መስመር ያሰመርኩት ከባድ በሚባሉት ቃላት ሥር አይደለም። ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ በሚለው፣ መመለስን በሚገልጸው «ካም ባክ» (come back) ሥር ነው። ለዚህ ምክንያቱ ያለው በእኛው ቋንቋ ውስጥ ነው። «ተመለሰ» ሆደ ሰፊ ግስ ነው፤ ሰውየው ወደዚህ ይመለስ ወደዚያ አይጨነቅም። እንግሊዝኛው ግን ከሁሉ በፊት ተናጋሪው የት እንደ ቆመ ይጠይቃል።

የቆሙበትን ቦታ መርሳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። ለእረፍት ከአሜሪካ አዲስ አበባ የመጣች ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና እየጠጣች «ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አሜሪካ እመለሳለሁ» ብትል አማርኛዋ እንከን የለውም። ይህንኑ «አይ ዊል ካም ባክ ቱ አሜሪካ» ካለችው ግን ተሳስታለች። እርሷም ሰሚዎቿም ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ አሜሪካ ማዶ ነው። ትክክሉ «አይ ዊል ጎ ባክ ቱ አሜሪካ» ይሆናል።

ያቺው ሴት በዚያው ቀን አሜሪካ ላለው ባለቤቷ ስትደውል ነገሩ ይገለበጣል። አሁን «አይ ዊል ካም ባክ ኢን ቱ ዊክስ» ትክክል ነው፤ «ካም» ወደ ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ወደ ሰሚውም ቦታ የሚደረግን ጉዞ ይገልጻልና። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለባለቤቷ በአማርኛ «እመጣለሁ» እንጂ «እሄዳለሁ» አትለውም።

መድኃኒቱም ከዚሁ ከአማርኛችን ይገኛል። ከመናገርዎ በፊት «ተመለሰ» የሚለውን በልብዎ ይዘርዝሩት። «ተመልሶ መጣ» ማለትዎ ከሆነ «ካም ባክ» ነው፤ «ተመልሶ ሄደ» ከሆነ ደግሞ «ጎ ባክ»። ይህን ልማድ ያደረጉ ተማሪዎቼ ስለ ሰዋስው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ልዩነቱን ንቀው እንዳይተዉት አንድ ሁኔታ ያስቡ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሄዱ አባት ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው የኢሚግሬሽን ሠራተኛው መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቃቸዋል። «አይ ዊል ካም ባክ ኢን ሜይ» ቢሉት እርሳቸው በግንቦት ወደ አገሬ እገባለሁ ማለታቸው ነው። ሰሚው ግን በግንቦት እንደገና ወደ አሜሪካ እንደሚመጡ ሊረዳ ይችላል። «አይ ዊል ጎ ባክ ቱ ኢትዮጵያ ኢን ሜይ» ቢሉ ጥያቄው እዚያው ባለቀ ነበር።

«መጣሁ»ን ቃል በቃል መገልበጥ

ለአፍታ ከክፍል ስንወጣ «መጣሁ» እንላለን። የቃሉ ቅርጽ ያለፈ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ገና ከበሩ አልወጣንም። የተስፋ ቃልን እንደ ተፈጸመ ነገር አድርጎ የሚሰጠውን ይህን አነጋገር በጣም እወደዋለሁ። ወደ እንግሊዝኛ ግን አይሻገርም። እየወጡ «አይ ኬም ባክ» ማለት «ሄጄ ተመልሻለሁ» ማለት ነውና ሰሚው ግራ ይጋባል። በዚህ ጊዜ የሚባለው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው።

ሰው ያልሆነውን ነገር በ«ካም ባክ» መመለስ

በአማርኛ «ተመለስኩ» እና «መለስኩ» የሚለያዩት በአንዲት «ተ» ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው «መጽሐፉን መለስኩ» ለማለት «አይ ኬም ባክ ዘ ቡክ» ብሎ ይጽፋል። «ካም ባክ» ግን ተሳቢ አይቀበልም። መጽሐፍ፣ ገንዘብ ወይም ቁልፍ ለባለቤቱ ሲመለስ «ጊቭ ባክ» ይባላል፤ «አይ ጌቭ ባክ ዘ ቡክ» ወይም «አይ ጌቭ ዘ ቡክ ባክ»፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ። መጽሐፉን በተውላጠ ስም ከተኩት ግን ምርጫ የለም፤ «ጊቭ ኢት ባክ» እንጂ «ጊቭ ባክ ኢት» አይባልም።

«መለሰ» ሌሎች ሥራዎችም አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው እንግሊዝኛው የተለየ ቃል ይሰጣል። ስልክ መልሶ መደወል «ኮል ባክ» ነው። ጥያቄ መመለስ «አንሰር» ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን የምንጠይቀው መልስ «ቼንጅ» ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» የሚል ቃል ሲያዩ ደግሞ ሰውየው በአካል ይመጣል ብለው አይጠብቁ፤ ጉዳዩን አይቶ ምላሽ ይሰጥዎታል ማለት ነው።

«ካም» እና «ኬም»

እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባው ጥቂት ነው። ያለፈው ጊዜ «ኬም ባክ» ነው። «ዲድ» ከቀደመ ግን ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ «ሂ ዲድ ኖት ካም ባክ» ይባላል። ከ«ሃዝ» እና ከ«ሃቭ» በኋላም እንዲሁ «ካም» ነው፤ «ሂ ሃዝ ካም ባክ»። «ሃዝ ኬም ባክ» በጽሑፍ ከማያቸው ሁሉ የተለመደው ስህተት ነው።

«ወደ»ን እና «እስከ»ን ይዞ መሻገር

«ወደ ቤት ተመለሰ» ስለምንል «ሂ ኬም ባክ ቱ ሆም» እንላለን። «ሆም» እንዲህ ሲገባ ከፊቱ «ቱ» አይፈልግም፤ «ሂ ኬም ባክ ሆም» ይበቃል። «ሂር» እና «ዜር»ም እንደዚሁ ናቸው። የከተማና የአገር ስም ሲሆን ግን «ቱ» ግድ ነው፤ «ሂ ኬም ባክ ቱ ጎንደር»።

«እስከ» የበለጠ ያሳስታል። «እስከ ዓርብ ተመለስ» ስንል ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ቢመጣም ያስደስተናል። ይህ በእንግሊዝኛ «ካም ባክ ባይ ፍራይዴይ» ነው። «አንቲል» የሚያገለግለው ሳይቋረጥ ለሚቆይ ነገር ነው፤ «እስከ ዓርብ እዚህ ቆይ» ለማለት «ስቴይ ሂር አንቲል ፍራይዴይ»። ፓስፖርቱን ወይም ማመልከቻውን ይዞ ቀጠሮ ለሚያከብር ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

«ስመለስ እደውልልሃለሁ» የሚለውን ደግሞ ብዙዎች «ዌን አይ ዊል ካም ባክ» ብለው ይጀምሩታል። አማርኛችንን ልብ ብለው ይዩት፤ ወደፊትን የሚያሳየው «እደውልልሃለሁ» ነው እንጂ «ስመለስ» ላይ ምንም ምልክት የለም። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ያደርጋል፤ «ዌን አይ ካም ባክ፣ አይ ዊል ኮል ዩ»።

«ሪተርን ባክ» የሚለውን ጨርሶ ይተዉት። «ሪተርን» ራሱ መመለስ ነውና «ባክ» አያስፈልገውም።

ስሙን ከግሱ ጋር ማደባለቅ

«ካምባክ» እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ሲጻፍ ስም ነው፤ ከመድረኩ ርቆ የነበረ ሰው በድል መመለሱን ይገልጻል። ጥሩነሽ ዲባባ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ልጅ ከወለደች በኋላ በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። ስለዚህ «ሺ ሜድ ኤ ካምባክ» እንላለን። ስሙን ስንጠራ ድምፃችን «ካም» ላይ ይጠብቃል፤ ግሱን ስንጠራ ግን «ባክ» ላይ።

ትእዛዝ አድርጎ መናገር

ይህ በፈተና ላይ ነጥብ አያስቀንስም፤ ሰውን ግን ያስቀይማል። እኛ «ተመለስ»፣ «ተመለሺ»፣ «ይመለሱ» እያልን አክብሮታችንን በግሱ ውስጥ እናስቀምጣለን። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ካም ባክ» ብቻ አለው። በሆቴል ወይም በክሊኒክ እንግዳ መቀበያ የምትሠራ ወጣት በልቧ «ነገ ይመለሱ» እያለች ለአንድ አዛውንት «ካም ባክ ቱሞሮው» ብትላቸው፣ እርሳቸው የሚሰሙት «ነገ ተመለስ» የሚለውን ነው። አክብሮቱን ከግሱ ውጪ በሌላ ቃል መጨመር አለባት፤ «ኩድ ዩ ካም ባክ ቱሞሮው፣ ፕሊዝ?»