አንደበት መዛኝ መሆን ለምትፈልጉ፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ለሰፈራችን ባለሱቅ «ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፣ ከዚያ ነጥብ እሰጣለሁ» አልኩት። ሳቀ። «ይሄማ የሁላችንም ሥራ ነው!» አለኝ። አልተሳሳተም። ወሎ ውስጥ የሰው አነጋገር የማይመዝን ማን አለ? ልዩነቱ እኔ ቅጽ መያዜ ነው።

የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ከዚያ በንባብ ምዘና መረጃ ሰብሳቢነት ገባሁ። ቀጥሎ ንግግር የሚያስቸግራቸውን ልጆችና አዋቂዎች ከሚያዩ ባለሙያዎች ጋር በረዳትነት ሠራሁ። አሁን ወጣቶች «እንዴት ይገባል?» እያሉ ይደውሉልኛል። እንዴት እንደሚገባ ከመንገር እንዴት እንደሚሳሳቱ መንገር ይቀለኛል። አብዛኛውን ራሴ ሞክሬዋለሁና።

ሥራውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ቢያንስ ሦስት የተለያዩ እንጀራዎች ናቸው። አንደኛው የቋንቋ ፈታኝነት ነው። እንደ አይኤልትስ ባለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ላይ ፈታኙ ተፈታኙን ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ያናግረዋል። ከዚያ በአራት መስፈርት ነጥብ ይሰጣል፦ አቀላጥፎና አያይዞ መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው፣ የድምፅ አወጣጥ። ሁለተኛው የንባብ ምዘና ነው። ትምህርት ቤት ሄዶ ልጆችን አንድ በአንድ ማስነበብ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በኮንትራትና በአበል የሚሠራ ነው፤ አልቆ ይበተናል። ሦስተኛው የንግግርና ቋንቋ ሕክምና፣ በተለምዶ ስፒች ቴራፒ የምንለው ነው። ይሄ የጤና ሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል።

የሦስት ቀን ስልጠና ወስዶ ቢዝነስ ካርድ ላይ «ስፒች ቴራፒስት» ብሎ ያሳተመ ሰው አውቃለሁ። እኔ ረዳት ነኝ። ልቀዳ፣ ልቆጥር፣ ላስተረጉም እችላለሁ። የችግሩን ስም መስጠት ግን የኔ ድርሻ አይደለም።

የአገሩን አማርኛ እንደ ሕመም መቁጠር

ይሄ የመጀመሪያ ዓመት ኃጢአቴ ነው። ከሐይቅ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ውስጥ ለአንድ ልጅ የፀሐይ ሥዕል አሳየሁት። «ጠሃይ» አለኝ። ኤክስ አደረግኩ። ፀጉር ሳሳየው «ጠጉር» አለ። ኤክስ። ጸሎትን «ጠሎት»። ኤክስ። ጅራትን «ዥራት» ሲል ደግሞ እስክሪብቶዬ ራሱ ሄደ።

አስተባባሪያችን ቅጹን አየና «አንተ፣ እናትህ ምን ትላለች?» አለኝ። አልገባኝም። ማታ እንደ ወትሮው ወደ እናቴ ደወልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «እዚያ ጠሃዩ በርትቷል ወይ ልጄ?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ለብቻዬ ሳቅኩ። የገዛ እናቴን በአራት ጥያቄ ልጥላት ነበር።

ጸን ጠ፣ ጅን ዥ ማለት በሰፊው የሚነገር የአካባቢ አነጋገር ነው። ምላሱም ጆሮውም ጤነኛ ነው። ጥያቄው «ልጁ እንደ መጽሐፉ ይናገራል?» አይደለም። «ልጁ ቤቱ ካለው ሰው ይለያል?» ነው። ስለዚህ እናቲቱን ወይ ታላቅ እህቱን ያንኑ ሥዕል አሳዩ። እሷም «ጠሃይ» ካለች ጉዳዩ አለቀ። እሷ «ጠሃይ» ብላ የስድስት ዓመቱ ልጅ «ታሃይ» ካለ ግን መዝግቡት። ያ ከአካባቢው አነጋገር የመጣ አይደለም።

ዕድሜም አለ። የሦስት ዓመት ልጅ በሬን «በዬ» ቢል ሰው ኮልታፋ ነው ብሎ ይስቅበታል እንጂ አይደነግጥም። ር ዘግይተው ከሚመጡት ድምፆች አንዷ ናት። ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ቆይቶም እንዲያ ካለ ነው ባለሙያ ይየው የምንለው።

ዝም ያለውን «አያውቅም» ማለት

ወሎ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃላችሁ። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ውሃ ያቀብላል፣ እግር ያጥባል፣ ጥግ ይይዛል። ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ መግባት ነውር ነው። እኛ ደግሞ መታወቂያ አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ ታብሌት ይዘን፣ ርዕሰ መምህሩን ከኋላ አስከትለን እንገባና «በል ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» እንላለን። ልጁ መሬት ያያል። እኛ «የመግለጽ ችሎታ፦ ዝቅተኛ» ብለን እንጽፋለን። የመዘንነው ጨዋነቱን ነው።

አንዲት ልጅ ስምንት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ሳልፍ ግን ጓደኞቿን ሰብስባ የኔን አካሄድ እየሄደች፣ ድምፄን እያስመሰለች «በል ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» ስትል ደረስኩባት። ያ ትረካ፣ ያ የቃል ምርጫ! ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ቅጹ ተዘግቷል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ከመጀመሬ በፊት ጊዜ እሰጣለሁ። ወንበር ትቼ መሬት እቀመጣለሁ። ጠጠር አውጥቼ ብይ ነገር እጫወታለሁ፣ ሆን ብዬም እሳሳታለሁ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት አይችልም። «እንዲያ አይደለም!» ካለ አፉን ፈታ ማለት ነው። ፈተናው ራሱ ግን ከወጣበት መመሪያ አይነቃነቅም። የሚለወጠው ከፈተናው በፊት ያለው ነው።

ጆሮን ሳያስመረምሩ ስለ አፍ ማውራት

አጭር ነው፣ ግን ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው። ንግግር የዘገየበት ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሰማል ወይ?» ነው። እናት «ኧረ ይሰማል፣ በር ሲንኳኳ ይዞራል» ትላለች። በር ሲንኳኳማ ወፍራም ድምፅ ነው፣ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። ቀጭኖቹን ድምፆች ብቻ የማይሰማ ልጅ አለ። ስ፣ ሽ፣ ፍ ያመልጡታል። እሱም የሚደግመው የደረሰውን ነው። ጆሮው መግል ሲይዝ የከረመ ልጅ፣ ማጅራት ገትር ታሞ የተረፈ ልጅ፣ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ፣ የአንገት በላይ ሐኪም። እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው አይደለም። እንጥል መቆረጥ አፍ አይፈታም፤ ደምና ቁስል ነው ትርፉ። ይሄን ሳነሳ የሚቆጡኝ ሽማግሌዎች አሉ፣ እኔ ግን መናገሬን አልተውም።

የእንግሊዝኛ ፈተና ተርጉሞ መጠቀም

ከውጭ የመጣ የሥዕል መጽሐፍ ተሰጠን። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ፣ ዳቦ መጥበሻ ማሽን። የወረባቦ ልጅ ይሄን ባያውቅ ምን ይገርማል? ጀበና፣ ምጣድ፣ ሞሰብ፣ ወንጭፍ አሳዩትና ያኔ ተነጋገሩ።

ሥዕሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ቆጠራው ነው። በእንግሊዝኛ የልጅ ንግግር ሲመዘን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል እንዳለ ይታያል። እኛም ያንኑ ገልብጠን መቁጠር ጀመርን። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ወንድሟን እያሳየች «አልሰጠኝም» አለች። «አንድ ቃል» ብለን ጻፍን። አሁን ያቺን አንድ ቃል ፍቷት። አል፣ ም፦ አሉታው። ሰጠ፦ ድርጊቱ፣ ያውም ያለፈ፣ ያውም ወንድ ያደረገው። ኝ፦ ለእኔ። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሰደረች ልጅ «ገና በአንድ ቃል ትናገራለች» ተባለች። አማርኛ ሸክሙን ግሡ ላይ ነው የሚጭነው። የሚቆጠረው ቃሉ ሳይሆን ቃሉ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ናቸው። ይሄ ያልገባው መዛኝ ጤነኛውን ልጅ ዘገየ ይላል።

ሰውየው ያለውን አንዱን ቋንቋ ብቻ መስማት

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ነጋዴ ፍየሏን በአፋርኛ ገዝቶ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ይሸጣታል። ከሚሴም ያው ነው። ወደ ሰቆጣ ስትወጡ ኽምጣንጋ የሚባል ቋንቋ አለ። እንዲህ ባለ አገር «ልጁ ስንት ቃል ያውቃል?» ብሎ በአማርኛ ብቻ መቁጠር የገበሬውን ሀብት አንዱን ጎተራ ብቻ አይቶ መገመት ነው። ሁለቱንም ጎተራ ክፈቱ። «ሁለት ቋንቋ ስለሰማ ነው ምላሱ የተሳሰረው» ብሎ ወላጅን መምከር ደግሞ ከነአካቴው ይቅር። ሁለት ቋንቋ የንግግር ችግር አያመጣም።

አዋቂዎቹ ላይ ነገሩ ይረቃል። ስትሮክ ያገኛቸው ከከሚሴ አቅጣጫ የመጡ አባት ነበሩ። ካርዳቸው ላይ «አይናገሩም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ሰው በአማርኛ ብቻ ነበር የጠየቃቸው። ልጃቸው በኦሮምኛ ስታናግራቸው ግን ቁርጥርጥ እያለም ቢሆን መልስ ሰጡ። አንጎል ሲጎዳ ሁለት ቋንቋዎች እኩል ላይጎዱ ይችላሉ፤ እኩልም ላይመለሱ ይችላሉ።

የተገላቢጦሽም አለ። ሌላ አዛውንት ሳገኛቸው «ሰላም ነው? ደህና ከረማችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? አልሐምዱሊላህ!» ብለው አንበሸበሹኝ። ቤተሰቡም «ይኸው ይናገራሉ እኮ፣ ድካም ነው» አለ። እኔም አምኜ ነበር። አብራኝ የነበረችው ባለሙያ ግን አንድ ብርጭቆ አንስታ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ፈለጉ። አጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰላምታ፣ ዱዓ፣ ከአንድ እስከ አስር መቁጠር፣ ስንት ዓመት ተደጋግመው ምላስ ላይ የተጣበቁ ናቸው። ከስትሮክ በኋላ ሌላው ሲጠፋ እነሱ የሚተርፉበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደኛ ሰላምታው ረጅም በሆነ አገር አንድ ሰው ንግግሩን አጥቶ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሰላምታውን ተቀበሉ፣ መልሱም። ነጥብ ግን አትስጡበት።

ሰዓት ይዞ ማዘን

ወደ ንባብ ምዘናው ልመለስ። ኢግራ የሚባለውን የአንደኛ ደረጃ መጀመሪያ ክፍሎች ንባብ ምዘና ሰምታችሁ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2010 በአገራችን በ6 ቋንቋዎች በሰፊው ተካሂዶ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው የታየው ያኔ ነው። ልጁ ፊደልና ቃል የሚያነበው በ60 ሴኮንድ ነው። ልጁ ራሱን ካረመ ትክክል ተብሎ ይያዝለታል። ቆሞ ከቀረ ደግሞ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ነው።

እዚህ ላይ የመምህርነት አመል ይገድላል። ልጁ «ቤ... ቤ...» ሲል ከንፈሬ ሳላውቀው «ት» ይላል። ልጁ ከንፈሬን አይቶ «ቤት!» ይላል። ሁለታችንም ደስ ይለናል። ውጤቱ ግን የኔ ነው። «ጎበዝ!» ማለትም እንደዚያው ነው። ሲያገኝ ጎበዝ ብላችሁ ሲስት ዝም ካላችሁ መልሱን ነግራችሁታል። ለሙከራው እንጂ ለመልሱ አታመስግኑ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የሚያውቁትን ያከራክራል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ብቻውን ብታስነብቡት አንዱ ልጅ በዓሉን ያነባል፣ ሌላው «ገና አልመጣም» የሚለውን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ምንባብ ውስጥ ሲሆን ግን አንዱ ብቻ ነው ልክ። ያኔ ልጁ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙን እየተከተለ መሆኑን ታያላችሁ። ስልጠና ላይ ይሄን ቀድማችሁ ጠይቁ። መስክ ላይ ከተነሳ ዘጠኝ መረጃ ሰብሳቢ ዘጠኝ ዓይነት ይሞላዋል።

ለቤተሰብ ተስፋ ማከፋፈል

«አብሽሪ፣ ይናገራል» ማለት በኛ አገር ደግነት ነው። መዛኝ ሲለው ግን ትንበያ ይሆናል። እውነት ነው፣ በትንሽነታቸው መንተባተብ ከሚጀምሩ ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ይተዉታል። የትኛው እንደሚተወው ግን ፊቱን አይቶ የሚያውቅ የለም። «ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያገጣጥምም» ያለችኝን እናት «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብዬ ሸኝቻታለሁ፣ በሞኝነቴ ዘመን። ከዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ልጁ አይሰማም ነበር።

ብቻን መሥራት

የሰው ጆሮ ይዝላል። ጠዋት የመዘናችሁትንና ከቀትር በኋላ፣ ሠላሳኛው ልጅ ላይ የመዘናችሁትን ብታወዳድሩ ታፍራላችሁ። መፍትሔው አንድ ቅጂን ሁለት ሰው ለየብቻው መዝኖ ማስተያየት ነው። በየስልጠናው ይሠራል፤ ሥራ ሲጀመር ይረሳል። እኔና አንዲት ባልደረባዬ በወር አንዴ ቡና ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቅጂ እንከፍታለን፣ ቅጻችንን ደብቀን እንሞላለን። ባለፈው በሁለት ፊደል ተለያየን። እኔ «ቀ» ነው አልኩ፣ እሷ «ከ» ነው አለች። ከአቦሉ ጀምረን በረካው እስኪመጣ ስናደምጥ ዋልን። «ከ» ነበር።