ፌሬትን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋና አጥንት ማሻገር

ፌሬት በመልኩ የእኛን አገር ሸለመጥማጥ ያስታውሳል፤ ዘሩ ግን ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጥንቸል ለማደን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከሰው ጋር ኖሯል። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል እንደ ድመት ቤት ውስጥ ይኖራል። በካሊፎርኒያና በሃዋይ ማሳደጉ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ። እንስሳው ሥጋ ብቻ እንዲበላ የተፈጠረ ነው። ጥርሶቹ ለመቦጨቅና ለመቁረጥ የተሠሩ ናቸው፣ አንጀቱ አጭር ነው፣ የበላው ሦስት አራት ሰዓት ሳይሞላው ይወጣል፣ እህልና ቅጠል የሚብላላበት ዕውር አንጀት ጭራሽ የለውም።

ታዲያ ሥጋ በል ሆኖ ሳለ ብዙው ፌሬት ሥጋ ሲያይ ለምን ይሸሻል? ነገሩ ያለው አፍንጫው ላይ ነው። ፌሬት ምግብ የትኛው እንደሆነ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት በማሽተት ነው። በዚያ ዕድሜው ፍሬ ፍሬ የሆነውን የፋብሪካ ደረቅ ምግብ ብቻ ከበላ፣ ካደገ በኋላ የምታቀርቡለት ምርጥ ሥጋ ለእሱ እንደ እንጨት ነው። ያሸተዋል፣ ዞር ይላል፣ አንዳንዱ እንደ ቆሻሻ በአፍንጫው እየገፋ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ሥራው እንግዲህ አፍንጫውን ማሳመን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ረሃብ አይረዳም።

«ሲርበው ይበላል» የሚለውን ምክር ለድመትም ለፌሬትም አትስሙት። ከሦስት ዓመት በላይ በሆናቸው ፌሬቶች ዘንድ የቆሽት ዕጢ፣ ኢንሱሊኖማ የሚባለው፣ በብዛት ይታያል። ይህ ዕጢ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት እንስሳው ይዝለፈለፋል። ዓይኑ ፈዝዞ አንድ ቦታ ላይ ካፈጠጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ አፉን በእጁ ከቧጠጠ ወይም የኋላ እግሮቹ ከከዱት ጥቂት ማር ድዱ ላይ ቀቡት። ሲነቃ ሥጋ ነክ ምግብ አቅምሱትና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ስለዚህ በሽግግሩ ወቅት ሁሉ ምግብ ከፊቱ የሚነሳው ቢበዛ ለሦስት ሰዓት ነው፤ ታማሚውና አሮጌው ላይ ይህንንም አትሞክሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ የደም ስኳሩም ይለካ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለቤት እንስሳት ጥሬ ሥጋ መስጠትን አይደግፍም፤ ሐኪማችሁ ቢከራከራችሁ አትደነቁ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በጥሬ ሥጋ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ጨቅላ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ሐሳቡን ተዉት። ጥሬ ምግብ ኢንሱሊኖማን ይከላከላል የሚሉ አርቢዎች ብዙ ናቸው፣ ይህ ግን አልተረጋገጠም።

ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሁሉ የሚያሰጋው የወፍ ጉንፋን፣ ኤች5ኤን1 ነው። ፌሬት ለኢንፍሉዌንዛ እጅግ ተጋላጭ ስለሆነ ተመራማሪዎች የሰውን ጉንፋን የሚያጠኑት በእሱ ላይ ነው። በአሜሪካ በተበከለ ጥሬ የዶሮና የተርኪ መኖ እንዲሁም ባልፈላ ወተት የተነሳ ድመቶች ሞተዋል። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በጥር 2025 ጥሬ ሥጋ የሚጠቀሙ የድመትና የውሻ መኖ አምራቾች ይህን ቫይረስ በደኅንነት ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ አዝዟል። ማቀዝቀዝ ቫይረሱን አይገድለውም፤ የሚገድለው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ሙቀት ነው። ወረርሽኙ በአካባቢያችሁ ካለ የዶሮውን ወገን ትታችሁ በጥንቸል፣ በበግና በበሬ ልብ ብትጀምሩ ይሻላል። ዶሮ የግድ ከሆነ ሥጋውን ያለ አጥንት ቀቅላችሁ፣ የአጥንቱን ቦታ ወደ ታች በምንነግራችሁ የእንቁላል ቅርፊት ሙሉት።

ሁለት ሚዛን ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሥጋው፣ አንዱ ለፌሬቱ። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑት። ሴቷ በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ግራም፣ ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ከመነሻ ክብደቱ አምስት በመቶ ከቀነሰ ፍጥነታችሁን አብርዱ። አሥር በመቶ ከደረሰ ወደ ደረቁ ምግብ መልሱትና ሐኪም ጥሩ።

ምን፣ ስንት

ልማዱ 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ የሚበላ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበት፣ 5 በመቶ ደግሞ ኩላሊት፣ ጣፊያ ወይም ቆሽት ነው። ልብ እዚህ የሚቆጠረው ከሥጋ ወገን ነው፤ ለዓይንና ለልብ ጤና የሚያስፈልገው ታውሪን በውስጡ ስለሚገኝ ግን አትዝለሉት። ያደገ ፌሬት በቀን ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበላል፤ ግልገል ከዚህ እጥፍ ቢበላ አይግረማችሁ።

1 ኪሎ የሚመዝን ፌሬት በቀን 70 ግራም ቢበላ የሳምንቱ 490 ግራም ይሆናል። ይህም፦

የዶሮ ክንፍ ከነአጥንቱ 110 ግራም (አንድ ሙሉ ክንፍ ያህል ነው)
ልብ 75 ግራም
ጉበት 25 ግራም
ኩላሊት 25 ግራም
የጥንቸል፣ የበግ ወይም የዶሮ ጭን ሥጋ፣ አጥንቱ የወጣ፣ 255 ግራም

የክንፍ ግማሽ ገደማ አጥንት ስለሆነ 110 ግራሙ 50 ግራም አጥንት ይሰጣል፤ አሥር በመቶው ይኸው ነው። ዶሮ የተዉ ሰዎች ክንፉን በጥንቸል ጎድን ይተኩታል። ጉበቱን «ጥሩ ነው» ብላችሁ አታብዙት፤ ቫይታሚን ኤ ሲጠራቀም ይጎዳል፣ ሆዱንም ያላላል። በወር ውስጥ ቢያንስ የሦስት እንስሳት ሥጋ ይቀያየር።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ፣ የሐበሻና የሐላል ሥጋ ቤቶች የበግ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት በቀላሉ ይሸጡላችኋል። ለዶሮ ወጥ ስትበልቱ የምትጥሉት የክንፍ ጫፍም ጨው ሳይነካው ወደ ፍሪዘር ይግባ። በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀ) ዶሮ በጨው ታሽቶ የታጠበ መሆኑን አስታውሱና እንደገና በውኃ ዘፍዝፋችሁ አውጡት። የኮሸር ጉበት ብዙ ጊዜ እሳት የነካው ሆኖ ይቀርባል፤ ጥሬ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት። ከድስት የተረፈ ወጥ ግን በምንም ምክንያት አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የፌሬትን የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፣ የበሰለ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሾርባው

መጀመሪያ ከሚያውቀው ሽታ ጋር ማጋባት ነው። የለመደውን ደረቅ ምግብ 30 ግራም በ60 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። 10 ግራም የተፈጨ ጥሬ ሥጋ ጨምሩና እንደ አጥሚት እስኪቀጥን በብሌንደር ምቱት። ሙቀቱ የሰውነት ሙቀት ያህል፣ 38 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ምግብ አይሸትም፣ ያልሸተተውን ደግሞ አይበላም። ሳህኑን ሙቅ ውኃ ላይ አስቀምጣችሁ አሙቁት እንጂ ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፤ ዳር ዳሩን ያበስለዋል።

ደረቁን ምግብ ለሁለት ሰዓት አንሱና ፌሬቱን በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ከሾርባው በጣታችሁ ጫፍ ጥቂት ወስዳችሁ ከላይኛው ከንፈሩ ሥር፣ ጥርሱ ላይ ቀቡት። የተሰደበ ይመስል ያፈገፍጋል፣ አፉን ፎጣው ላይ ይጠርጋል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ምላሱም ቀስ ብሎ ይወጣና ከንፈሩን ይልሳል። ሁለተኛውን ቅብ የምትጨምሩት ልክ በዚያች ጊዜ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከላሰ በኋላ ጣታችሁን ወደ ሳህኑ እያወረዳችሁ አስከትሉት። በግድ አፉን ከፍታችሁ አትጋቱት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ሳህኑንም ይጠላዋል።

በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ሾርባውን እንደጨረሰ ደረቁ ምግብ ወደ ቦታው ይመለስ። በየሦስት አራት ቀኑ ሥጋውን ጨምሩ፣ ደረቁን ቀንሱ፤ ከሩብ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሥጋ። ወጣቶቹ በሁለት ሳምንት ይሻገራሉ፤ ግትሩ ሦስት ወር ይፈጃል። ያለ ትግል ሁለት ቀን በተከታታይ ሲበላ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ካልሆነ ባለበት ይቆይ።

ከሾርባ ወደ አጥንት

ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ገንፎ አስመስሉት። ቀጥሎ በገንፎው መሐል እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ የሥጋ ቁራጮች ይደበቁ። እነዚህን ሳያስተውል ሲውጥ መጠኑን ወደ ባቄላ ፍሬ፣ ከዚያም የትንሽ ጣት ርዝመት ወዳለው ቀጭን ዘንጣፊ አሳድጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለእንስሳው አዝኖ ሥጋውን አድቅቆ ይከትፍለታል። ደቃቁን ይውጠዋል እንጂ አያኝከውም፤ ሳያኝክ የከረመ መንጋጋ ደግሞ አጥንት ሲሰጠው ይታነቃል። ዘንጣፊውን በጎን ጥርሱ ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆርጠው ካያችሁ መንጋጋው ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

አጥንት እስኪጀምር ድረስ ግን ካልሲየም ከየት ያገኛል? የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ አሥር ደቂቃ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፍጩ። አጥንት ለሌለው 450 ግራም ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሥጋ ብቻ ለሳምንታት የበላ ፌሬት፣ በተለይ ግልገሉ፣ የራሱን አጥንት እያሟሟ ነው የሚኖረው።

አጥንት የሚጀመረው ከክንፍ ጫፍ ነው። በመዶሻ ወይም በሙቀጫ ዘነዘና አድቅቃችሁ፣ የለመደውን ገንፎ ቀብታችሁ ስጡት። ከዚያ ያልደቀቀ የክንፍ ጫፍ፣ ከዚያ የጎድን አጥንት፣ ከዚያ የክንፉ መካከለኛ ክፍል ይከተላል። የጎልማሳ ዶሮ ቅልጥም ለብዙዎቹ ይጠነክራል፤ የበሬ አጥንት ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። ሁልጊዜም ጥሬ ይሁን፣ ስትሰጡትም አጠገቡ ቁሙ።

ኩሱ ምን ይላል

ጥሬ የሚበላ ፌሬት ኩሱ ያነሰ፣ ሽታውም የቀለለ ነው። ነጭ፣ ደረቅና እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል። ጥቁርና ልል ከሆነ ጉበትና ኩላሊቱን ቀንሱ፣ አጥንት ጥቂት ጨምሩ። በውስጡ እንደ ሰሊጥ ያሉ ፍሬዎች ከታዩ ምግቡ ሳይፈጭ እያለፈ ነውና የጮማውን መጠን ቀንሱ። አረንጓዴና ዝልግልግ ኩስ ለአንድ ቀን ከታየ ብዙ ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሆድ ነው፤ ሁለተኛ ቀን ከደገመ ወይም ከደከመ ሐኪም ይየው። አሥራ ሁለት ሰዓት ኩስ ሳይጥል ከዋለና የሚያስመልሰው ከሆነ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና የሌሊትም ቢሆን ክሊኒክ ውሰዱት።

ሥጋው የሚቀልጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ 4 ዲግሪ ላይ፤ ከቀለጠ በኋላ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው። መክተፊያውና ቢላዋው ለብቻ ይለዩ። በጾም ወቅት ፍሪጁን ከሽሮና ከጎመን ጋር የሚጋራ ከሆነ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ገዝታችሁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ ጠብታ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድምና። ሌላው ጣጣ የፌሬት ሌብነት ነው። ሥጋውን ነጥቆ ከሶፋ ሥር፣ ከጫማ ውስጥ ይቀብራል። ስለዚህ ሊታጠብ በሚችል ወለል ላይ ወይም በጎጆው ውስጥ ይብላ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተረፈው ይነሳ፣ መደበቂያዎቹም ሁሉ በየቀኑ ይፈተሹ።

ሙሉ በሙሉ ከተሻገረ በኋላም ሾርባውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ጥቂት ደረቅ ምግብ አልፎ አልፎ ስጡት። ታሞ ሥጋ መቁረጥ ሲያቅተው ወይም እናንተ አገር ቤት ሄዳችሁ ጎረቤት ሲጠብቀው፣ የሾርባውንና የደረቁን ሽታ ካልረሳ መርፌ በሌለው ሲሪንጅም ሆነ ከሳህን ይልሳል።