ጥላው የት ነው? ከላስ ቬጋስ ለአንድ ቀን ተራራ ለሚወጡ

የምሠራው ሌሊት፣ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ዕረፍቴ ሲደርስ ሰማይ ማየት አለብኝ። ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ባለቀይ ገደል በረሃ፣ ወደ ሬድ ሮክ ካንየን ይዣቸው የምሄደው ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ‹‹ስንት ኪሎ ሜትር ነው?›› ብለው ነው። እኔ ኪሎ ሜትሩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሜ የምጠይቀው ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፍና አቀበቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው።

ካሊኮ ታንክስና ተርትልሄድ የሚባሉት የሬድ ሮክ የእግር መንገዶች የሚነሡት ከአንድ መኪና ማቆሚያ ነው። ካሊኮ ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ሲሆን አቀበቱ 140 ሜትር ያህል ነው፤ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነጠላዋን አደግድጋ የወጣችው እሱን ነው። ተርትልሄድ 8 ኪሎ ሜትር ነው ሲባል እጥፍ ብቻ ይመስላል። አቀበቱ ግን 600 ሜትር ነው፣ ያውም በሚንሸራተት ኮረት ላይ። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው እግሩን ያምናል፤ እኔም አምኜ ነበር። በበረሃ አየር ላብ ሳይታይ ይደርቃልና፣ አላላበኝም ብዬ ውሃዬን ቆጠብሁ። ስወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ የጥቁር ሸሚዜን አንገትጌ ባየው ነጭ ጨው ጋግሮበታል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር እይዛለሁ፤ ሲሶው ካለቀ ጫፉ ቢቀርብም ፊቴን አዞራለሁ። ጨው የነካው ቆሎም ከኪሴ አይጠፋም።

የሬድ ሮክ ትልቁ ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል፤ ከቀትር በኋላ ሥሩ ጥላ ይሆናል። ሞቅ ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ገደል ውስጥ የሚገባውን ሸለቆ፣ አይስ ቦክስ ካንየንን የምመርጠው ለዚህ ነው። ካሊኮ ጥላ ስለሌለው በብርዱ ወራት ጠዋት ይመረጣል። መጨረሻው ላይ ቀይ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ አትንኩት፤ የዱር እንስሳት መጠጫ ነው። ጥቂት አለፍ ስትሉ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል።

ዝናብ ከጣለ ሌላ ቀን ይሁን። የረጠበ ቀይ ድንጋይ እጅ ውስጥ ይፈረፈራል፤ እንደ አይስ ቦክስ ባለ ጠባብ ሸለቆ ደግሞ ደራሽ ጎርፍ አለ።

ከጁን እስከ ኦገስት ሬድ ሮክን ተዉት። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማው ውስጥ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። በዚያ ወቅት ጥድ ወዳለበት ወደ ቻርልስተን ተራራ ውጡ። ጫፉ 3,632 ሜትር ስለሆነ ለጀማሪ አይመከርም፤ ከሥሩ ያሉት አጫጭር መንገዶች ይበቃሉ። ነጎድጓዱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ በማለዳ ተነሡ።

ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሬድ ሮክ በመኪና ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ግድ ነው። የውስጡ 21 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነዳ፣ ማቆሚያችሁን ካለፋችሁት እንደ ገና መዞር ነው። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ የመንገዱን ስምና የምትመለሱበትን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ለአንድ ሰው ላኩ።